እማዬ ዝም ያለችበት ሁዳዴ

ስልኬ ሲጠራ ቶሎ አላነሳሁትም። ስክሪኑ ላይ «እማዬ» ይላል። እማዬ ደግሞ ከየካቲት ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም፤ ሚስኮል ነው የምታደርገው። አንድ ሚስኮል «ደርሻለሁ» ማለት ነው። ሁለት ሚስኮል «የቧንቧ ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካን ይዘሽ ነይ»። ሦስት ከሆነ «አንቺ ልጅ የት ቀረሽ?» ነው፤ እሱን ባልሰማው ይሻለኛል። ስለዚህ አንዴ ጠርቶ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አልቆመም። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

ደነገጥኩ። እማዬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎንደር፣ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ስልኳን ሌላ ሰው ይዞት ቢሆንስ? «የሴትዮዋ ልጅ አንቺ ነሽ?» የሚል የማላውቀው ድምፅ ቢመጣስ?

አነሳሁት። «ሄሎ?»

ጉሮሮ ሲጠረግ ይሰማል። ከዚያ፦

«ምሳሽን በልተሻል?»

የእማዬ ድምፅ ነው! ሻከር ያለ፣ ብዙ ቀን ተዘግቶ እንደከረመ በር ሲጢጥ የሚል፣ ግን የራሷ የእማዬ።

«እማዬ! እየተናገርሽ ነው!»

«አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ እኮ የምናገረው። ሐኪሙ አየው። እብጠቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል አለኝ። ተናገሪ አለኝ። ክፍሌ እመለሳለሁ።» ትንሽ ተነፈሰች። «አሁን የጠየቅሁሽን መልሺልኝ። ምሳ?»

«አልበላሁም።»

«ይኸው! ዘጠኝ ሳምንት ዝም ብልሽ ባለጌ ሆነሽ ጠበቅሽኝ።»

ደባርቅ፣ ትምህርት ቤታችን በር ላይ፣ በዚያ ነፋስ ውስጥ ቆሜ ጮህኩ። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በርግጎ ወደ ጎን ሄደ፤ ባለ ጋሪው ሰደበኝ። ጓደኞቼ ፈተና አንደኛ የወጣሁ መስሏቸው ሮጠው መጡ። እኔ አልቅሼ፣ ስቄ፣ ነጠላ ጫማዬ ተበጥሶ፣ ምንም ማስረዳት አልቻልኩም። በአፌ ያላስረዳሁትን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው አሁን የተቀመጥኩት።

እማዬ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። የምንኖረው ደባርቅ ነው፣ ሁለታችን ብቻ። ትምህርት ቤቷ ግን ከከተማው ወጥቶ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተሄደ በኋላ በገብስ ማሳ መሃል ወደ ታች ተወርዶ ነው፤ በእሷ እግር አንድ ሰዓት፣ በእኔ እግር አርባ ደቂቃ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሰባ ሁለት ልጆች አሉ፤ ዴስክ የደረሳቸው በዴስክ፣ ያልደረሳቸው በጭቃ መደብ ላይ ይቀመጣሉ። ክፍሏንና ጎረቤቱን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም። ስለዚህ እዚያ ማዶ መምህሩ «ሁለት ሲደመር ሦስት?» ሲሉ እዚህ ማዶ «አምስት!» የሚሉ ልጆች አሉ። በዚያ ላይ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ዝናብ ሲመጣማ ተዉት። እማዬ በዚህ ሁሉ ላይ እየጮኸች ነው ስድስት ዓመት «ሀ በሉ!» ስትል የኖረችው።

ታኅሣሥ ላይ ድምጿ መሻከር ጀመረ። ዝንጅብል አፈላን፣ ዳማከሴ ጨመቅን፣ ጎረቤት ማር ላከልን። የካቲት ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ስም እየጠራች ሳለች አሥራ አንደኛው ስም ላይ ድምጿ ቆመ። በቃ፣ ቆመ። አፏ ይከፈታል፣ ምንም አይወጣም። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው እነሱም አፋቸውን ከፈቱ።

ጎንደር አብሬያት ሄድኩ፤ ስለ እሷ የሚናገር ሰው ያስፈልግ ስለነበር። የአንገት በላይ ሐኪሙ ጉሮሮዋን በመሣሪያ አየና የድምፅ አውታሯ ላይ እብጠት እንዳለ ነገረን።

«እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አንድ ቃል እንዳትናገሪ» አላት። «ማንሾካሾክም የለም፤ እሱ እንዲያውም ይብሳል። ከዚያ ተመለሺ። ከቀነሰ ጥሩ። ካልቀነሰ ኦፕራሲዮን ነው፤ ማስተማሩን ግን እርሺው።»

እማዬ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ጣቷ ላይ የደረቀ ጠመኔ ነበር፤ ስትፍቀው አየሁ።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሯቸው ገብተን እኔ ሳስረዳ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሕመም ፈቃድ ውሰጂ» አሏት። «ተተኪ ግን የለኝም። ልጆችሽን ከጎረቤት ክፍል ጋር እቀላቅላቸዋለሁ።»

እማዬ ደብተሯ ላይ ጻፈችና አዞረችላቸው፦ «መቶ ሠላሳ ስምንት ልጅ በአንድ ክፍል? የት ሊቀመጡ?»

«አናቴ ላይ» አሉ ርእሰ መምህሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ስሚ፣ እንዲያው ለነገሩ ድምፅሽ ባይመለስ ንብረት ክፍል ይመድቡሻል። ጠመኔና መጽሐፍ እያወጣሽ መስጠት ነው። አትሞቺም።»

እማዬ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። የጻፈችው ግን አጭር ነበር፦ «የታመመው ጉሮሮዬ ነው። እጄና ጆሮዬ ደህና ናቸው። ዘንድሮ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ከርሞ አይመጣም፤ ከብት ጥበቃ ይቀራል። ይፍቀዱልኝ።»

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሱፐርቫይዘሩ እስኪመጣ። እሱ መጥቶ አይሆንም ካለ ግን በእኔ አትፍረጂ።»

እንዲህ ሆኖ ሁዳዴ ሲገባ የእማዬም ዝምታ ገባ።

እኔ የምማረው በፈረቃ ነው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። ከሰዓት በምገባበት ሳምንት ጠዋት ጠዋት አብሬያት እየሄድኩ አፏ ሆንኩ። እሷ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ በእጇ ታሳያለች፣ ስትፈልገኝ ታጨበጭባለች፣ እኔ እጮሃለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ልጆቹ ስም አወጡልኝ፦ «የቲቸር አፍ»።

«የቲቸር አፍ፣ ሽንት ልሂድ?»

«የቲቸር አፍ፣ ይሄ መታኝ!»

አንዱማ፣ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ «የቲቸር አፍ እንደ ቲቸር አያምርም» ብሎ አሳቀብኝ። ቀልዱን ቻልኩት፤ ክፍሉን ግን አልቻልኩትም። አምስት ሰዓት ላይ ወደ ደባርቅ ስመለስ ጉሮሮዬ ይነድዳል፣ ራሴ ይዞራል። «ይህን ነው እንዴ በየቀኑ?» ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት አስተማሪነት እማዬ ደክሟት ስትመጣ እግሯን የምትታጠብበት ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ደግሞ እንጻጻፍ ነበር። እኔ መናገር እችላለሁ እኮ! ግን እሷ እየጻፈች እኔ ብናገር የማታለል ያህል ተሰማኝና እኔም መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ የምጽፈው «ትምህርት ጥሩ ነበር» ነው። እማዬ ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ ከሥሩ «ምን አየሽ?» ብላ ትመልስልኛለች። «ሒሳብ ተማርን።» በቀይ፦ «መምህሩ ምን ለብሰው ነበር? ማን ሳቀ?» ተናደድኩ። በንዴት አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። በቀይ ምንም አላለችም፤ ራት ላይ ግን አንዱን ቅቅል ድንች ከሳህኗ አንስታ ሳህኔ ላይ አደረገችልኝ። ሁዳዴ ሲያልቅ አራት ደብተር ሞልተን ነበር። ዛሬ ይህን ያህል ለመጻፍ የደፈርኩት በእነዚያ ደብተሮች ነው።

አሁን ወደ ስሕተቱ ልምጣ፤ ጥፋቱም የራሴ ነው።

አንድ ጠዋት ከተማሪዎቹ የአንዷ እናት መንገድ ላይ አገኘችን። «እንዴት አደርሽ መምህር?» አለቻት። እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ምነው? ሰላምታ ነሳችን?»

«አይ፣ አትናገርም» አልኩ ቸኩዬ። «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ አትናገርም።»

ሴትዮዋ አፏን ያዘች። «እሰይ!» አለች። «የታደለች!»

ጉሮሮ መታመም ምኑ ነው መታደል? አልገባኝም። በማግስቱ ገባኝ። የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አምስት ሴቶች ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። አንዷ የሽምብራ ቆሎ በእፍኝ አቀበለችኝ፣ አንዷ ጠበል በጠርሙስ። ትናንት «አንቺ» ያሏትን እናቴን ዛሬ «አንቱ» አሏት። «በጸሎትዎ ያስቡን!» መንደሩ ሁሉ እማዬ ሱባኤ ገብታ አርምሞ የያዘች፣ ለእግዚአብሔር ስትል አፏን የዘጋች አድርጎ ቆጥሯታል። በሁዳዴ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ዝም ብላ፣ ጎንበስ እያለች የምትሄድ ሴት ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች?

«አሟት ነው እኮ!» አልኩ። «ጉሮሮዋን ነው!»

«አዎ ልጄ፣ አሟት ነው» አለች ያቺ የመጀመሪያዋ ሴትዮ፣ ጠቀሰችኝም። «እንዲህ እያሉ ነው የሚሸሽጉት።»

እማዬ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፦ «ንገሪያቸው! ትናንት ራት ሦስት ጊዜ ነው ደግሜ ያነሳሁት! የምን ባሕታዊ!» ይህንንም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሴቶቹ ተያዩና «ትሕትናዋን እዩልኝ» ተባባሉ።

የሚያስቀው ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ የቀረ ተማሪ አልነበረም። ከብት ጠብቁ የተባሉት ሁሉ ሳይቀሩ ተላኩ። እናቶች በር ላይ ልጆቻቸውን «ዝም በል፣ እንዳትረብሻቸው» እያሉ ይሸኛሉ። እማዬ ግን እንቅልፍ አጣች። «እያታለልኳቸው ነው» ብላ ጻፈችልኝ።

ወሬው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደረሰና የአብነት መምህሩ፣ ሁሉም «የኔታ» የሚላቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ። ፊታቸው ተቆጥቷል። ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እናትሽ አርምሞ ይዛለች አሉ። ማን ፈቀደላት? ንስሐ አባቷ ያውቃሉ?»

«የኔታ፣ አርምሞ አይደለም» አልኩ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። «የድምፅ አውታሯ አብጦ ነው። ጎንደር ሐኪሙ ነው አትናገሪ ያላት። ድምጿ ካልተመለሰ ከክፍል ያስወጧታል።»

የኔታ እማዬን አዩ። እማዬ አፏን ከፍታ በጣቷ ጉሮሮዋን አመለከተች፣ እንደ ሕፃን። ሳቃቸው አመለጣቸው። «እኔ ደግሞ ልገሥጽ ነበር አቀበቱን ቁልቁል የመጣሁት!» አሉ። «በሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እነግራቸዋለሁ።» ነገሯቸውም። ግማሹ አመነ።

ግን ቶሎ አልሄዱም። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እኔ ስጮህ አዩ። «ሀ በሉ! አንተ! ወደዚህ ተመልከት! ሀ!»

«ልጄ» አሉኝ፣ «እናትሽ ድምጿን የጣለችው በዚሁ መንገድ ነው። አንቺም ልትከተያት ነው?»

«ታዲያ እንዴት ይሁን የኔታ?»

«እኔ ዕድሜ ልኬን ሳስተምር ጉሮሮዬን አሞኝ አያውቅም። በእኛ ቤት መምህር አይጮህም፤ የሚጮኸው ተማሪው ነው። ቀድሞ ያወቀው ላላወቀው ይነግራል። ሁሉም በአንድ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይላል። እኔ መሃል ተቀምጬ እሰማለሁ። ሲስት…» መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ አንዴ መቱ፣ ጓ! «ይህ ‹ተመለስ› ነው።» ሁለቴ መቱ። «ይህ ‹እለፍ› ነው።»

«ሁሉም በአንዴ ሲጮሁ የሳተውን በምን ይለዩታል?»

«ቅድም በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል እናትሽ ስታጨበጭብ ሰምተሽ ዞር አልሽ አይደል? በዚያው ነው።»

እማዬ ይህን ሁሉ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር። እንደ ተማሪ።

የሚቀጥለው ሳምንት የጠዋት ፈረቃዬ ስለነበር ብቻዋን ነው የሞከረችው። ፊደል የለዩትን አሥራ ሁለት ልጆች መረጠች፤ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ልጅ ሰጠቻቸው። ጠረጴዛዋ ላይ የእንጨት ማስመሪያ አስቀመጠች። አንዴ ሲመታ ወደ መጀመሪያው ተመለስ፣ ሁለቴ ሲመታ እለፍ። ርእሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምተው ጠብ የተነሳ መስሏቸው እየሮጡ ገቡ። ልጆቹ እያነበቡ ነው። ቆጠሯቸው፣ አንድ መሪ ከአምስት ተማሪ ጋር። ፊታቸው በራ። «ይህማ አንድ ለአምስት ነው!» አሉ። «ከላይ ስንት ጊዜ አደራጁ የተባልነው! ሪፖርት ላይ አሰፍረዋለሁ!» የየኔታ ጉባኤ በዚህ ዓይነት ሪፖርት ውስጥ ገባ።

ከዚያ የምንፈራው ቀን መጣ። ሱፐርቫይዘሩ የመጣ ዕለት እኔ ክፍል ውስጥ ባዮሎጂ ላይ ነኝ፤ ምን እንደሰማሁ እግዜር ይወቀው። ስምንት ሰዓት ላይ እማዬ ከሥራ ስትመለስ ቤቱ በር ላይ ጠበቅኋት። ፊቷን ሳየው ምንም አይነበብም። ደብተሯን ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦

«ተቀምጠሽ አንብቢ። ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ኋላ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ ጀመሩ፣ ጥሩ ሄዱ። እሱ መጻፍ ጀመረ። ሰውየው የሚጽፈው ሲጠፋው እስክሪብቶውን ፊቱ ያለው ዴስክ ላይ ቀጭ የማድረግ ልማድ አለው። አንዴ ቀጭ አደረገ። ሰባ ሁለቱም ዝም አሉና ከ‹ሀ› ጀመሩ። ደንግጦ አየኝ። እኔ ምን ልበለው? መናገር አልችል። እንደገና አሰበ፤ ቀጭ። እንደገና ‹ሀ›። በሦስተኛው አንዲት ትንሽ ልጅ ዞር ብላ ‹ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የሳትነው?› አለችው።»

እስከዚህ ቆሜ ነበር የማነበው፤ ተቀመጥኩ።

«ሳቀ። መጽሐፉን ዝም ብሎ መሃል ገለጠና ለእሷው ሰጣት። አነበበች። ከኋላ አንዱን ራሱ መረጠ። ልጁም አነበበ፣ አንዲት ቃል ስቶ፤ ማስመሪያዬን አንዴ መታሁ፣ ተመልሶ አቃናት። ሰውየው ያን ሲያይ ብዙ ጻፈ። እጅ ጽሑፉ የዶሮ ጭረት ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ግን ለይቻለሁ። ‹ትቀጥል› ይላል። አሁን ምሳ ሥሪ።»

ቀና ስል እማዬ እየሳቀች ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅ የለም። እኔም ድምፅ ሳላወጣ አብሬያት ሳቅሁ። ጎረቤት ቢያየን ምን ይል ነበር?

በዚህ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። ግን ሆሳዕና ሊደርስ ሲል፣ በእረፍት ሰዓት፣ አጣና የተጫነች በቅሎ ከዳገቱ በርግጋ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባች። እኔም ያን ሳምንት እዚያ ነበርኩ። ጭነቱ ተንሻፎ አጣናው መሬት ይጠርጋል። ልጆቹ ተበተኑ፤ ያ የፊት ጥርሶቹ የወለቁት ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ ብሏል፣ መሬት ላይ በእንጨት ፊደል ይጽፋል። እኔ አየሁት፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። የቲቸር አፍ የተባልኩት እኔ!

እማዬ ስሙን ጠራች። አንዴ። በሙሉ ድምጿ።

ልጁ ዘለለ። በቅሎዋ በነበረበት ላይ አለፈች።

ከስድስት ሳምንት በላይ ያልሰማሁት ድምፅ ነበር። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ። እማዬ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆማለች። አጥሩ ጋ የነበረችው ያቺ ሴትዮ «አርምሞዋን ለልጅ ስትል ፈታች!» ብላ እልል አለች።

ያን ቀን ትምህርቴን ቀርቼ አብረን ስንመለስ እማዬ መንገዱ መሃል ላይ አስቆመችኝ። ነፋሱ ደብተሯን ስለሚገልጥባት ጀርባዬ ላይ አስደግፋ ጻፈች። እስክሪብቶው በሹራቤ ላይ ሲሄድ እያንዳንዱ ፊደል ይሰማኛል። ዞሬ ሳነበው «አንድ ቃል ብቻ ነው። አንድ ቃል ያበላሸው ይሆን?» ይላል።

እኔ መናገር እችል ነበር። ግን እስክሪብቶውን ተቀብዬ ጻፍኩ፦ «አላውቅም።» ትንሽ ቆይቼ ደግሞ፦ «ልጁ ግን ደህና ነው። ያጣውም ‹ቸ›ን ብቻ ነው፣ በቅሎዋ ረግጣበት።» በቀይ ምንም አላረመችም። ደብተሩን ዘግታ ክንዴን ይዛኝ ሄድን።

ከዚያ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ያሉት ቀኖች እንዴት እንዳለፉ አልጽፍም። ፋሲካችን እንኳ ጨው ያነሰው ነበር። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘኋት፤ ለረዳቱ «ጎንደር» የሚል ወረቀት አሳየችው። አብሬያት ልሄድ ብዬ ነበር፤ ፈተና አለብሽ ብላ በቀይ ከለከለችኝ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ስልኬ ጠራ፣ አልቆም አለ።

ስትመለስ ሚኒባሱ ዳባት ቆሞ ሰው እስኪሞላ ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ፤ ለምንም አይደለም፣ ለመናገር ያህል። በመጨረሻው ላይ ጠየቅኋት።

«ስለዚያች ጩኸት ነገርሽው? ሐኪሙን?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«‹ልጁ ተረፈ?› አለኝ። ተርፏል አልኩት። ‹እንግዲያው እሷን አንዷን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሁለተኛ ግን የለም› አለኝ።»

ማክሰኞ ጠዋት ክፍሏ ገብታ የስም መዝገቡን ገለጠች። ዝግ ባለ ድምፅ መጥራት ጀመረች። ሰባ ሁለቱም ጸጥ አሉ፤ ድምፁ አዲስ ሆኖባቸዋል። አሥራ አንደኛው ስም ላይ ስትደርስ ቆመች። እኔ በር ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። ጠራችው። «አቤት!» አለ። አሥራ ሁለተኛውን ጠራች።

«ቲቸር» አለች ትንሿ ልጅ፣ «ድምፅሽ እንዲህ ነበር እንዴ?»

«ረሳሽው?»

«እህ… የማስመሪያውም ጥሩ ነበር።»

ማስመሪያው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሐኪሙ መጮህ ፈጽሞ ስለከለከላት ማስተማሩ በየኔታ መንገድ ቀጥሏል። ንብረት ክፍል የሚል ወሬም ቀርቷል። የተከፉ ቢኖሩ አጥር ሥር ይቆሙ የነበሩት ሴቶች ናቸው፤ እማዬ «እንደምን አደራችሁ» ስትላቸው ቅር አላቸው፣ ከ«አንቱ»ም ወደ «አንቺ» መለሷት።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል አለ። በየዓመቱ እማዬ ሜዳው ላይ ቆማ የተሸለሙትን ልጆች ስም በዚያ ሁሉ ሰው፣ እልልታና ነፋስ ላይ ትጮሃለች። ርእሰ መምህሩ ዘንድሮ ሌላ ሰው ይጥራ አሉ። እማዬ ጣቷ ላይ ያለውን ጠመኔ ስትፍቅ አየኋት። የኔታ ሰሙና እንደገና መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ።

«ለምን ሌላ ሰው?» አሉ። «ልጆቹ የእሷ ናቸው፣ እሷው ትጥራ። እሷ አትጮህም፤ ሕዝቡ ዝም ይበል። እሷ ዝም ስትል ደስ ብሏቸው አልነበር? ተራው የእነሱ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ትጽፊያለሽ አሉ። ያነበበልሽ ሁሉ ይምጣ፣ የኔታ ጠርተዋል በያቸው።»

ስለዚህ ጠርተዋችኋል። ከዳባት የምትመጡ በመጀመሪያው ሚኒባስ ኑ። ከደባርቅ የቡይት ራስን መንገድ ያዙና ገብሱ መሃል ወደ ታች ውረዱ፤ ነፋስ ስላለ ጋቢ ይዛችሁ። ጥርሱ የወለቀውም ይሸለማል፤ ጥርሱም እየበቀለ ነው። ዘንድሮ እማዬ የተሸለሙትን ብቻ ሳይሆን ሰባ ሁለቱንም በራሷ ድምፅ ትጠራቸዋለች፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ እንዲሰማ ማንም አይተነፍስም። ስትደርሱ ሰላምታ አይቅርባችሁ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ ማለት ይበቃል።